ከቮልስዋገን ሆድ ሥር

ካምቢዮ መቀየር ለሚያየው ሰው ትልቅ ሥራ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ሰሚያስ ይፈታል፣ የጠቆረ ዘይት በቆርቆሮ ይቀዳል፣ የመኪናው ባለቤት ጥግ ይዞ በየብሎኑ ይሳቀቃል። ሥራው አምሮ መውጣት አለመውጣቱ ግን ከዚህ ሁሉ ብረት አይታወቅም። የሚታወቀው መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚናገረው ካምቢዮው ሳይሆን ካምቢዮውን ከሹፌሩ ግራ እግር ጋር ያገናኘው ቀጭን የፍሪሲዮን ገመድ ነው።

ይህን የምለው ስለ አሮጌው ቮልስዋገን ነው፤ ሞተሩን ከኋላው ስለተሸከመው፣ ራዲያተር ስለሌለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቱ ቀድሞ አርጅቶ ከባለቤቱ በኋላም የሚኖር ስለሚመስለው መኪና። ፋብሪካዎቹ ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርተውታል፤ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ ፑየብላ ከተማ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። ዛሬም አዲስ ገመድ የሚገኝለት ይህን ያህል ስለተመረተ ይመስለኛል።

የቮልስዋገን ፍሪሲዮን ፈሳሽ አያውቅም። በብዙ መኪኖች ፔዳሉ ሲረገጥ በቱቦ የሚገፋ ዘይት ኃይሉን ያደርሳል፤ የታክሲነት ዘመኑ ያለፈው ላዳ እንኳ እንዲያ ነው። እዚህ ግን ያለው ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የተገመደ ሽቦ ብቻ ነው። ከፔዳሉ ሥር ይነሣል፤ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ከፍ ብሎ በሚሄደው የወለሉ ዋሻ ውስጥ በተበየደ ቀጭን የብረት ቧንቧ ያልፋል፤ ከኋላ በግራ በኩል ብቅ ይላል። ከዚያ እስከ ካምቢዮው ያለችው ርቀት ክንድ አትሞላም። የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው ግን እዚያችው ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ታስረው በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲነሡ ይወዛወዛሉ፣ ሲቆሙ ይመለሳሉ። የወለሉ ብረት ደግሞ አይንቀሳቀስም። ገመዱ ከማይንቀሳቀሰው ወደሚንቀሳቀሰው በቀጥታ ቢዘረጋ፣ ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ማንም ፔዳል ሳይረግጥ ፍሪሲዮኑ ይሳባል፣ ይለቀቃል። ስለዚህ በዚያች አጭር ርቀት ገመዱ በተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ገመዱ ይሳባል፣ ቱቦው ይገፋል፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚሸከም ሁለቱ ተያይዘው ወደፈለጉበት ቢታጠፉም ሥራቸውን አይስቱም። ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን የተባለ ሰው በዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር፤ ቱቦው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የብስክሌት ፍሬን በዚሁ ይሠራል። መንገዱን የሞላው ባጃጅ፣ ሹፌሩ በግራ እጁ የሚጨብጣት ፍሪሲዮንም እንዲሁ ናት፤ የባጃጅ ሹፌር ገመዱ ቢበጠስበት ከመቀመጫው ሥር ሌላ አውጥቶ ዳር ይዞ ራሱ ይቀይራል።

የቮልስዋገኑ ቱቦ ግን አንድ ጠባይ አለው። ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መሐሉ ወደ ታች ጎበጥ ማለት አለበት፤ የፋብሪካው መጽሐፍ ልኩን ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ከዚህ ካነሰ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ትንሽ ሲወዛወዝ የተወጠረው ገመድ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን የካምቢዮውን ክንድ ይነካል፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ይይዝና ይለቃል፤ የያዘና የለቀቀ ዲስክ ሞተሩን የበለጠ ያወዛውዘዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ የኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ጥርሱ እስኪፋጭ ይደርሳሉ። ጉብጠቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ገመዱ በየመታጠፊያው ይፋተጋል፣ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ሽቦው አንድ በአንድ ይበጠሳል።

ለዓይን የተገላቢጦሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ቱቦ ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ ጎብጦ የተንጠለጠለው የሰነፍ ሥራ ይመስላል። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ወጥሮ በሥራው የሚኮራ መካኒክ ሞልቷል። ደንበኛውም ጎንበስ ብሎ አይቶ ያመሰግነዋል፤ ከዚያ ወር ሳይሞላ ለመንቀጥቀጡ «የካምቢዮ ትራስ አልቋል» በሚል ሌላ ሂሳብ ይከፍላል።

እኔ ሲሠራ ቆሜ ያየሁት ባለሙያ የዚህ ዓይነቱ አልነበረም። ጋራዡ ቃሊቲ ውስጥ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ቃሊቲ መቼም የከባድ መኪና ሰፈር ነው፤ ከጅቡቲ ለመጣው ጭነት ጉምሩኩ እዚህ ነው፣ ሲኖትራኩ ከነተሳቢው ተደርድሮ የሚያድረው እዚህ ነው። በእነዚያ መሐል አንዲት ቮልስዋገን ኮፈኗን ከኋላ ከፍታ ስትታይ ከትልልቆች ጋር ቀጠሮ ያላት ትመስላለች። ሰፈሩ ከብረት ጋር የተዋወቀው ግን ከሲኖትራክ በፊት ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በአጎራባቹ በአቃቂ በኩል ነበር ያለፈው፤ ከዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ፣ ቆይቶም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካው መጡ። ፋብሪካ በኖረበት ሰፈር ቶርኖ የሚያዞር፣ የሚበይድ፣ የሚሞርድ እጅ አይጠፋም።

ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ ያስቸገረው ካምቢዮ ወርዶ ከፈረሰ መኪና የተገኘ ሌላ ሊገባ ነው። ሞተሩን ማውረድ ረጅም ጊዜ አልወሰደም፤ አራት ቦታ ነው የታሰረው፣ ቁጥር 17 ቁልፍ ይበቃዋል፤ ከዚያ ክሪክ፣ ጣውላና ሁለት ጎረምሳ። እኔን ቆም ያደረገኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰሚያሱን የያዘውን ጠፍጣፋ ብረት ከመፍታቱ በፊት ባለሙያው መሮ አንሥቶ በሁለቱ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ አንዲት መስመር መታ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀኝም በግራም። ሲመለስ ያቺ መስመር ካልገጠመች የኋላ ጎማዎቹ አቅጣጫ ይዛባል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ይበላል። ምልክቱን በኖራ ወይም በቀለም የሚያደርጉ አሉ፤ ዘይትና ቤንዚን በነካው እጅ መሐል ቀለም አያድርም።

የኋላ መቀመጫውን ሲያነሣ ከሥሩ ትንሽ ክዳን አለች። በእሷ በኩል ነው የማርሹ ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝበት መጋጠሚያ የሚገኘው። መጋጠሚያውን የሚይዘው ብሎን እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ፋብሪካው እንዲያ ነው የሠራው። ይህችን ሽቦ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ያለ እሷም መኪናው ይሄዳል። ይሄዳልና አንድ ቀን መንገድ ላይ ብሎኑ ይላላና የማርሽ ዘንጉ እጅ ላይ ባዶውን ይዞራል። የዚህ መኪና ሽቦ ከዚህ በፊት በሠራው ሰው ተዘልላ ነበር። ባለሙያው ምንም አላለም፤ ሽቦ ቆርጦ አመልማሎ እንደሚፈትል በፒንሳ ጠመዘዘና ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈው፣ የሚቀጥለውን መካኒክ እጅ እንዳይቧጭር።

ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጋር ሲታሰር ዲስኩ በትክክል መሐል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም፣ ሞተሩን አንሥተህ ብትታገል ቀኑን ሙሉ ትታገላለህ። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ። እሱ ግን ከሞተ ካምቢዮ የተቆረጠ ዘንግ ነበረው፣ ጫፉ በቶርኖ የተላገ፣ ከመያዝ ብዛት የሚያበራ። ዲስኩን በእሱ ሰክቶ ብሎኖቹን በመስቀልኛ እያፈራረቀ ትንሽ በትንሽ አጠበቃቸው። ዘንጉን ሲነቅለው ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ገመዱ ጋ ስንደርስ አሮጌውን ወለሉ ላይ ዘረጋው። ካምቢዮ ጋ በሚደርሰው ጫፉ አጠገብ ሦስት አራት ሽቦዎች ተበጥሰው ቆመዋል። ጥፋተኛው ተሰንጥቆ የቀረው የአቧራ መከላከያ ጎማ ነው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ ነው፤ በክረምት ጎማ ሥር ተለጥፎ ይረጫል፣ በበጋ ደርቆ ደቃቅ ዱቄት ይሆናል። በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ከግሪስ ጋር ሲለወስ ሞረድ ነው። አዲስ ገመድ አስገብቶ አሮጌውን ጎማ መተው በወጪ ደረጃ እዚህ ግባ የማይባል ቁጠባ ነው፤ ግን ይደረጋል። እሱ ከገመዱ በፊት ጎማውን ነው የጠየቀው።

አዲሱን ገመድ ከማስገባቱ በፊት ዋሻው ውስጥ ያለውን ቧንቧ መረመረ። ይህ ቧንቧ ከብየዳው ሲላቀቅ ፔዳሉ ሲረገጥ ለስላሳ፣ የሚሰጥም ነገር ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ገመዱን ያማል፣ ሌላ ገመድ ይገዛል። የአሮጌውን ገመድ ጫፍ ከኋላ ይዞ እየሳበና እየለቀቀ፣ ሌላውን መዳፉን ዋሻው ላይ አድርጎ ቧንቧው ይንቀሳቀስ እንደሆን በእጁ አዳመጠ። አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ኖሮ ዋሻው ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ተመልሶ ሊዘጋ ነበር፤ ባለቤቱ ያን የሚሰሙበት ልብ ያላቸው አይመስልም ነበር።

ከዚያ ግሪስ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ውስጥ አሳለፈው፣ በቀስታ፣ አንድም ደረቅ ቦታ ሳይተው።

ቀጥሎ ያለው የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አይተያዩም። የገመዱ የፊት ጫፍ ቀለበት ነው፤ በፔዳሉ ሥር ባለ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። ምንም የሚቆልፈው ነገር የለም፤ የሚይዘው ውጥረቱ ብቻ ነው። ገመዱ ለአንድ አፍታ ከላላ ቀለበቱ ከመንጠቆው ይወድቅና ፔዳሉን እንደገና ፈትቶ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ስለዚህ አንዱ ከፊት ፔዳሉን ይዞ ይተኛል፣ ሌላው ከኋላ መኪናው ሥር ገብቶ የገመዱን ጫፍ ስቦ ይይዛል። የግራ የኋላ ጎማ ለዚሁ ወልቋል። ባለሙያው ፊት ለፊት በጎኑ ተጋደመ፣ ራሱ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እግሩ ውጭ። ተለማማጁ ልጅ ከኋላ ገባ።

«ያዝከው?»

«ይዤዋለሁ ጋሼ።»

«ሳብ አድርገህ ያዝ። ለቀቅ ሳልልህ እንዳትለቅ።»

«እሺ።»

«አሁን ትንሽ ስጠኝ... በቃ! ሳብ።»

ፔዳሉ በብሎኖቹ እስኪታሰር ልጁ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ያዘ። ከዚያ የገመዱን ጫፍ በካምቢዮው ክንድ ቀዳዳ አሳልፎ ባለ ክንፍ ዳዶ አሰረበት። ይህን ሥራ ብቻቸውን የሚሠሩ አሉ፤ ፔዳሉን በእንጨት ደግፈው ወይም ገመዱን በፒንሳ ቆንጥጠው። ፒንሳ የቆነጠጠው ሽቦ ግን ቁስሉን ይዞ ነው የሚኖረው፣ አንድ ቀን የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው።

ከሌላ መኪና የመጣ ካምቢዮ ሲገባ የቱቦው ልክ ከቀድሞው ጋር አንድ አይሆንም፤ ቱቦውን የሚደግፈው ቅንፍ ሊለይ ይችላል፣ አዲስ የጎማ ትራስም ካምቢዮውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አሮጌውን ልክ ማመን አይቻልም። ጉብጠቱ የሚስተካከለው በሮንዴላ ነው። በቱቦው ጫፍና በቅንፉ መካከል ሮንዴላ ሲጨመር ቱቦው ወደ ፊት ይገፋል፣ መሐሉም የበለጠ ይጎብጣል፤ ሲቀነስ ቀጥ ይላል። ከሮንዴላ በላይ ርካሽ የመኪና ዕቃ ያለ አይመስለኝም፤ ከዚህ በላይ ሥራ የሚሠራበትንም አላየሁም። ባለሙያው ሦስት አስገባ፣ አየ፣ አንድ አወጣ። ከዚያ ከቱቦው ሁለት ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ገተረና ከሽቦው እስከ ቱቦው መሐል ያለውን በሁለት ጣቱ ለካ። ልጁ ማስመሪያ አቀበለው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ከጉብጠቱ በኋላ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ይመጣል። ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በከንቱ መውረድ አለበት። ባዶ ጉዞ ከሌለ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ቀን ከሌት ተደግፎ ይዞራል፣ ዲስኩም ሙሉ በሙሉ ሳይያዝ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ቢነካም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል። ባለ ክንፍ ዳዶዋ ሁለት ጉጦች አሏት፤ በክንዱ ላይ ካለው ስርጉድ ውስጥ ገብተው ስለሚቀመጡ በየግማሽ ዙሩ ብቻ ትቆማለች፣ ራሷንም አትፈታም። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ቁልፍ የሌለው ሹፌር መንገድ ዳር ተንበርክኮ በጣቱ ሲያስተካክለው ታይቶት መሆን አለበት። ባለሙያው ፔዳሉን በእግሩ አልሞከረውም። በእጁ ነው የተጫነው፣ በመዳፉ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ አድርጎ። እግር ጫማ ለብሶ ነው የሚፈርደው።

አዲስ አበባ ለፍሪሲዮን ደግ ከተማ አይደለችም። መሐል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ጉልበት ያጣ መኪና ዳገት ላይ ሲነሣ ሹፌሩ ነዳጅ ጨምሮ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ዲስኩ የሚበላው በዚያች ቅጽበት ነው። ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ የሚሄድ ሁሉ ደግሞ ሽቅብ ነው የሚሄደው፣ በሣሪስ መጨናነቅ እየቆመና እየተነሣ። ሜዳ አገር ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የገመድ ስሕተት እዚህ በአንድ ቀን ይጋለጣል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው። የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ግራ እግር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ጋራዡ ውስጥ ስለዚህ ሲወራ ሰማሁ፤ ባለሙያውን ያስጨነቀው አይመስልም። ያለው መኪና ገና ብዙ ዘመን አለው፣ አዲስ ሲከለከል ደግሞ አሮጌው ይወደዳል።

ወደ ማታ ሞተሩ ተመልሶ ገባ፣ ዘይት ተሞላ፣ ጎማው ታሰረ። መኪናው ተነሣ። አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ የሚዘልል የለም። ባለቤቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አባት፣ ፊታቸው በራ። ባለሙያው ግን ከጋራዡ በር ወደ አስፋልቱ የምትወጣውን አጭር ዳገት የኋላ ማርሽ አስገብቶ ወጣት። የኋላ ማርሽ ላይ ነው የገመድ ጥፋት ቶሎ የሚሰማው። መኪናው ሲነሣ ሁለቴ ያህል እርግብግብ አለ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ አላየሁትም፣ የተሰማው እሱ ነው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ልጄ፣ ደኅና ነበር እኮ» አሉ አባት።

«ለዛሬ ደኅና ነው አባቴ» አለና ካርቶኑን ጎትቶ ተመልሶ ከሥር ገባ። «አንድ ሮንዴላ አምጣ።»

ልጁ አመጣ። ሮንዴላ ሲጨመር ቱቦው ይገፋል፤ ቱቦው ሲገፋ ገመዱ ይወጠራል፤ ገመዱ ሲወጠር የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ያንሳል። ባለሙያው ቱቦውን እያስገባ ሳለ ልጁ በዚያኛው በኩል እጁን ሰድዶ ባለ ክንፍ ዳዶዋን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መለሳት፤ ማንም አላዘዘውም። ባለሙያው ዞር ብሎ አየውና ማስመሪያውን እሱ እንዲለካበት ሰጠው። አባት ሰዓታቸውን እያዩ የሣሪስን መንገድ መጨናነቅ ማማረር ጀመሩ።